የኮሶዬው የእጣቢ ጎመን

ከጎንደር ከተመለስኩ ወዲህ ፀጉር ቤቴ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ግንቡን አየሽው ወይ? አይቼዋለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ፣ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ያለውን ጫፉን። ወደ ውስጥ አልገባሁም። የሄድኩት የታናሽ ወንድሜ የታደለ የበኩር ልጅ ክርስትና ሊነሳ ስለሆነ ነው። ታደለ ለትምህርት ጎንደር ሄዶ እዚያው የቀረ ልጅ ነው። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ ላይ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድራል፤ ያገባትም የዚያው አገር ልጅ ሙሉነሽ ናት። ስለዚህ የግንብ ወሬ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። እኔ አይቼ የመጣሁት ጎመን ነው፤ ወሬውም ጎመኑ ስለበቀለበት ውኃ ነው።

ሐሙስ

ከአዳማ የወጣሁት ሳይነጋ ነው። ቦሌ ፍተሻው ላይ የእጅ ቦርሳዬ ተከፈተ። ውስጡ ግማሽ ፀጉር ቤት ነበር፤ ቢጉዲን፣ ሻምፖ፣ ቀለም፣ የፀጉር ማለስለሻ። ሙሉነሽ በስልክ ለክርስትናው ፀጉሬን የምትሠሪኝ አንቺ ነሽ ብላኝ ስለነበር ነው የያዝኩት። ፈታሿ ይህ ሁሉ በእጅ አይገባም አለችኝ። ተመልሼ ሻንጣ ውስጥ አድርጌ አስመዝግቤ ስሮጥ፣ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሊሄድ ትንሽ ነበር የቀረው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ማላቤን አይተው ሶፍት ሰጡኝና እስክንነሳ ድረስ ሲያጽናኑኝ ቆዩ።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ አየሩ ቀለል አለኝ። የአዳማ ንፋስ አቧራውን ተሸክሞ ፊት ለፊት ይመጣል፤ የጎንደሩ በጆሮ ሥር ሹልክ ብሎ ያልፋል። መሬቱ ግን ያው የበጋ መሬት ነው፣ ቢጫና ደረቅ።

ያደርኩት አዲስ ዓለም ሰፈር ዘይነባ ቤት ነው። ልጇ ሐያት አዳማ ስትማር ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ሆነናል። የዘይነባ ባለቤት ሐጂ እንድሪስ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ያን ሰሞን የእኛ ዐቢይ ጾምና የእነሱ ረመዷን ገጥመው ስለነበር ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነው።

ገና እንደደረስኩ ታጠቢ ተባልኩና አንድ ባልዲ ውኃ ቀረበልኝ። ታጠብኩ። የተረፈውንም፣ የታጠብኩበትንም፣ ሁሉንም ወደ ቦዩ ደፍቼ ባልዲውን አገላብጬ ወጣሁ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር አጥቤ ስደፋ የምውል ሰው ነኝ፤ ከደፋሁት በኋላ የት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም። ሐያት የተገለበጠውን ባልዲ ስታይ ፈገግ አለችና፣ በቀስታ ወደ ጓሮ ወስዳ የተደረደሩ ባልዲዎች አሳየችኝ። ልብስ የተለቀለቀበት ለሚቀጥለው ልብስ መጀመሪያ ማጠቢያ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወለል ይወለወልበታል፤ በመጨረሻ ሽንት ቤት ይደፋበታል። የገላ ውኃም እንደዚያው ነው። ቧንቧ ከመጣ ሰንብቷል አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘይነባ ሰምታ ኖሮ፣ እንግዳ እግሩን ታጥቦ የሚደፋው ውኃ በረከት ነው ብላ ነገሩን አለሳለሰችልኝ።

ለማፍጠሪያ ዘይነባ ቅቤ ያልነካው ድስት ለብቻዬ ጥዳልኝ ነበር። ሽሮና የምስር ሳምቡሳ ሠራችልኝ። ቀደም ብለሽ ብዪ ብትለኝም እነሱ እያዩኝ መጉረስ አልሆነልኝም፤ አዛኑን አብሬያቸው ጠበቅኩ። አዳማ ጾም ስይዝ ብቻዬን ነው የምይዘው። እዚያ ቤት ሁለት ጾም አንድ ገበታ ላይ ሲፈታ ሳይ ደስ አለኝ።

ከበላን በኋላ ወሬው ወደ ታደለ ሄደ። ከእንግዶቹ ገላና አንሶላ የወጣውን ውኃ አጣርቶ ጎመን እንደሚያለማበት ሐያት ሰምታ ኖሯል። ሐጂ እንድሪስ አልሳቁበትም። በእነሱም መስጊድ የውዱእ ውኃ መንገድ ላይ ይፈስ እንደነበር፣ ወጣቶቹ ቦይ ሠርተው ወደ ዛፍ እንደመለሱት አጫወቱኝ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ተከራክረዋል። ገሚሱ የሰው አፍና እግር የታጠበበት አይሆንም ሲል፣ ሌላው ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ ካልተለወጠ ለዛፍ ምን ይከለክለዋል ብሏል። ዛፎቹም አድገው አፍርተዋል። ከፍሬው በልተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ጥላው ሥር እቀመጣለሁ» አሉኝ ሐጂ እየሳቁ። «ዘይቱኑን ግን ለልጆቹ እተውላቸዋለሁ።»

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ በሰፈሩ የባልዲና የጀሪካን ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ቧንቧ መጥቷል። ዘይነባ፣ ሐያትና እኔ ውኃው እስኪሄድብን ድረስ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ማሰሮውን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ሞላን። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። የትናንቱን ባልዲ የካስኩ ስለመሰለኝ ልቤ ቀለለ።

ከሰዓት በኋላ ሐያት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ዘይነባ ለአራሷ ብላ ተምርና አንድ የሕፃን ብርድ ልብስ አስይዛኛለች። ሚኒባሱ ከከተማው ወጥቶ ሽቅብ መጠምዘዝ ሲጀምር ብርዱ በመስኮቱ ገባ። እኛ ጋ በዚህ ወር ሰው ጣሪያ ሥር አይተኛም፤ እዚህ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ጋቢዋን ግማሹን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ስሟን እንኳ አላውቅም።

ኮሶዬ ስወርድ ታደለ መንገድ ዳር ይጠብቀኝ ነበር። ከስቷል። ሻንጣዬን ተቀብሎ ወደ ቤት በመውሰድ ፈንታ ቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰደኝ፤ ልጁን እንኳ ገና አላሳየኝም። ዙሪያው ሁሉ የታጨደ ገብስ ማሳ ነው፣ ግጥጥ ብሎ ደርቋል። የእሱ ጓሮ ግን ጎመን፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ድንች ለብሶ አረንጓዴ ነው። ውኃው ከመታጠቢያ ቤቶቹና ከአንሶላ ማጠቢያው ወጥቶ ገንዳ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ በጠጠርና በአሸዋ ውስጥ እየተንጠባጠበ፣ ሸምበቆ የተተከለበትን መደብ አልፎ ኩሬ ይገባል። የሽንት ቤቱ መስመር ለብቻው ነው፤ ይህን ደግሞ ደጋግሞ ነገረኝ። በረኪና የሚባል ነገር እዚህ ግቢ አይገባም፣ እንዳትደፊብኝ አለኝ። ኩሬው ጥርት ያለ ነበር፤ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም።

ችግሩ የኩሬው አልነበረም። አንድ ሹፌር ማረፊያው ምሳ ሲበላ ጎመኑ ከምን እንደበቀለ ጠየቀ፤ ታደለም ሳይደብቅ ነገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩ ሁሉ «የእጣቢ ጎመን» ይለው ጀመር። መንገደኛው ሌላ ቦታ መቆም ያዘ። የማረፊያው ባለቤት ጎንደር የሚኖሩ ነጋዴ ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሰው የማይበላው ከሆነ ነቅዬ የመኪና ማቆሚያ አደርገዋለሁ ብለውታል። የክርስትናው ድግስ በጾም ስለዋለ ገበታው ጎመንና ድንች ነው፤ ታደለ ደግሞ ሌላ ጎመን አልገዛም ብሏል። የራሴ ልጅ ድግስ ላይ ያላቀረብኩትን ለማን ብላ እለዋለሁ አለኝ።

ወደ ማታ የሙሉነሽ አባት አያ ጫኔ መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። እራት ሲቀርብ ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ፈትተው መቆርጠም ጀመሩ። ጾሜ ነው፣ ቆሎ ይበቃኛል አሉ። ታደለም እንዳላየ ሆነ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሽሮውን ከዳር እየነካሁ ጎመኑን አልፌዋለሁ። አየሁት፤ ያምራል። እጄ ግን አልሄደም።

አያ ጫኔን ምነው ጨከኑበት አልኳቸው፣ ታደለ ወጣ ሲል።

«ልጄ፣ ውኃ ከሰው ገላ ሲወርድ ብቻውን አይወርድም» አሉኝ። «ላብ አለ፣ ደዌ አለ፣ የማታውቂው ነገር አለ። ውኃ ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ወደ ገበታ አይመለስም።»

የእኔም ሆድ የሚለው ይህንኑ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት ታደለ ለድግሱ የሚሆነውን ጎመን ሲቆርጥ፣ ሙሉነሽ ሕፃኑን ታቅፋ ስትመርጥለት አረፈደች። ልጁ የአባቴን ግንባር ይዞ ነው የወጣው፤ ሳየው ዕንባዬ መጣ።

ከምሳ በኋላ ፀጉር ሥራ ጀመርን። ሙሉነሽ አለች፤ ሁለት የአክስቷ ልጆችም መጡ። ሙቅ ውኃ ያለው አንሶላ ማጠቢያው ጋ ስለሆነ እዚያ ወንበር አወጣሁ። የሙሉነሽን አጥቤ ብቻ ጠቀለልኩት፤ አራስ ናትና ማለስለሻ አላስነካኋትም። ሁለቱን ልጆች ግን እንደ ከተማ ሴት ይለስልስልን ስላሉኝ ቀባኋቸው፤ ሰዓቱ ሲደርስ በብዙ ውኃ አለቀለቅኳቸው። ሸጋ ሆኑ። እየሳቅን፣ እየተጫወትን ነበር የሠራነው።

ታደለ ሲመጣ ገና ከሩቅ አፍንጫውን ጨመደደ። ይህ ምንድን ነው የሚሸተው አለኝ። ማለስለሻ ነው አልኩት። የት ደፋሽው አለኝ። በእጄ ወደ ማጠቢያው ቀዳዳ ጠቆምኩ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በረኪና እንዳልደፋ ነግሮኛል፤ ማለስለሻ ግን አላለኝም፤ እኔም ሁለቱን አንድ አድርጌ አላሰብኳቸውም። ቆዳ የሚያቃጥል ነገር እንደሆነ ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። በሥራዬ ጣቴ ስንቴ ተልጧል።

ወንድሜ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሮጦ የገንዳውን መክፈቻ ዘጋ፤ ዱላ ነክሮ አሸተተ፤ ጠጠሩን ጫረ። የተወሰነው አልፎ እንደሆነ ማወቅ አልቻለም። ከጠጠሩ ቀና ብሎ ሁሉንም እደፋዋለሁ አለ፤ ገንዳውንም፣ ኩሬውንም። ኩሬው እኮ አልሸተተም አልኩት። በዚያ ደረቅ አገር፣ ለሳምንታት የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ካለእሱ መደቡ በፀሐይ ይጠወልጋል።

«እትዬ፣ አላውቅም» አለኝ። «የማላውቀውን ውኃ ለሰው አላበላም።»

ከመደቡ ራቅ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ውኃው የሚደፋበትን ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ አፈሩን በእጄ ማውጣት ያዝኩ። በዚህ መሀል አያ ጫኔ የድግሱን ጠላ በአህያ ጭነው ደረሱ። መጀመሪያ ያዩት ከኩሬው ወደ ጉድጓዱ የተቀደደውን ቦይ ነው። ቀጥለው ታደለን አዩት፤ ላብ በላብ ሆኗል።

«ምነው ትደፋዋለህ?»

«ተበላሽቷል አያ። ለጎመኑ አይሆንም።»

«ማን ነገረህ?»

ታደለ ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። አያ ጫኔ ኩሬው ዳር ሄደው ቆሙ። ጥርት ያለ ነው፤ የሰማዩ ደመና ይታይበታል። ማንም ሰው ቢያየው የተበላሸ አይለውም። ይህን ሳይደፋው ቢቀር ማን ያውቅ ነበር ብለው ጠየቁት። ታደለም ማንም አላቸው። ሽማግሌው አህያዋን ግንድ ላይ አሰሯት፤ ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ ከታደለ እጅ ዶማውን ተቀበሉ። ቁፋሮ የሚያውቅ ሰው ናቸው፤ ሁለታችን የታገልነውን ያህል ቶሎ አወጡት። ፀሐይዋ ወደ ቆላው ስታዘቀዝቅ ኩሬው ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር።

ያን ማታ ምን ያህል እንዳዘንኩ ለማንም አልተናገርኩም። ሙሉነሽ ግን አውቃለች። ሕፃኑን አምጥታ እቅፌ ላይ አስቀመጠችውና፣ ፀጉሬን እይው፣ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም አለችኝ።

እሑድ

ልጁ ጠዋት ተጠመቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ስለሆነ አዳማ የለመደው ደረቴ ሽቅቡን አልቻለውም፤ አንዲት አሮጊት ቀድማኝ እየወጣች ዞር ብላ እጄን ያዘችልኝ። ልጁ ውኃው ሲነካው አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

ድግሱ በማረፊያው አዳራሽ ነበር። ጎረቤት መጣ፣ ዘመድ መጣ፣ የማረፊያው ባለቤትም ከጎንደር መጡ። ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች በካሮት፣ በጎን ደግሞ አንድ ትልቅ ድስት ጎመን ቀረበ። ሰው ሁሉ ድስቱን ያየዋል፤ ማንም አይጠጋውም። ታደለ ተነስቶ፣ ድንቹ፣ ካሮቱና ጎመኑ ከጓሮው እንደሆኑ፣ በምን ውኃ እንደበቀሉ በግልጽ ተናገረ። ያልፈለገ ምስርና ሽሮ አለለት፣ አልቀየምም ብሎ ተቀመጠ።

ገበታውን የሚባርኩት አያ ጫኔ ነበሩ። ጸሎታቸውን ጨርሰው ወዲያው አልተቀመጡም።

«ይህ ጎመን የተቆረጠው ትናንት ጠዋት ነው» አሉ። «ከሰዓት በኋላ ውኃው ተበላሸ። እኔ ብሆን አይቼ ደህና ነው እል ነበር። እሱ ግን የኩሬውን ሁሉ ደፋው፤ እኔም ጉድጓዱን አብሬ ቆፈርኩ። የሚደፋውን የሚያውቅ ሰው የሚያበላኝን እበላለሁ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጎመኑን በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ። ሁላችንም አፍ አፋቸውን እናያለን። ዋጡ። ጎመን ነው አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ ደግመው ጠቀለሉ።

ሁሉም በላ ብዬ አልዋሽም። ቄሱ ከምስሩ አላለፉም፤ ማንም ለምን አላላቸውም። የአያ ጫኔ እህት ሳህኗን በእጇ ጋርዳ አሳለፈችው። ሁለቱ ፀጉራቸውን የሠራኋቸው ልጆች ግን ሳህናቸውን ሞሉ። ሹፌሮች የተቀመጡበት ጠረጴዛም አንዱ ሲጀምር ሌላው ተከተለ። የማረፊያው ባለቤት በሉና፣ ስለ መኪና ማቆሚያው ሳያነሡ፣ ገንዳውን የሚመለከተው ሰው ሁሌ ታደለ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ሲባሉ እንግዲያው እንደዚያው ይቀጥል አሉ።

እኔም በላሁ። ቃሪያው ይለበልባል፣ ጎመኑ ለስላሳ ነው። አዳማ ገበያ ከምገዛው የሚለየው ትኩስነቱ ብቻ ነበር። ታደለ ከወዲያ ጥግ ያየኝ ነበር። ስጨርስ ዓይኑን አንሥቶ፣ ከደረስኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከልቡ ሳቀ።

ሰኞ

ጠዋት ከሙሉነሽና ከሕፃኑ ተሰናበትኩ። ማለስለሻውን በላስቲክ አጥብቄ ቋጥሬ ሻንጣዬ ውስጥ መለስኩት። ታደለ አዲስ ውኃ ወደ ገንዳው መልቀቅ ስለጀመረ ከሥራው አልለየሁትም። መንገድ ድረስ የሸኙኝ አያ ጫኔ ናቸው፤ ሻንጣዬን በትከሻቸው አድርገው፣ አልሰጥም ብለው።

ሚኒባስ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ብርዱ ጥርሴን ያንገጫግጨዋል፤ እሳቸው ደረታቸው ክፍት ነው። ትናንት የበሉት እኔ እንዳላፍር ብለው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የለም» አሉኝ። «ልጄን ስሰጠው አገሩን አላውቅ፣ ዘሩን አላውቅ። ሰውየውን አይቼ ነው የሰጠሁት። ውኃውን ግን ሰውየውን ሳላይ ፈረድኩበት። ቅዳሜ አየሁት፣ በቃ።»

መኪናው መጣ። ሹፌሩን ይህች እንግዳዬ ናት፣ ከፊት አስቀምጣት አሉት። ሻንጣዬ ጣሪያው ላይ ታስሮ ስንነሳ በመስኮት ዞር ብዬ አየኋቸው። ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ ትተው ወደ ታደለ ጓሮ ገብተዋል። ከባዶው ኩሬ ዳር ተጎንብሰው፣ ገና መንጠባጠብ ከጀመረው ውኃ በእጃቸው ዘገን አድርገው ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ፣ መንገዱ ታጠፈና ከዓይኔ ተሰወሩ።